መልእክት ሁልጊዜ ይደርሳልን? የውጫሌ ውል በደሪዳ ፍልስፍና ሲነበብ

ስለ መግባባት በምንማርበት ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የሚሳለውን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። በግራ በኩል «ላኪ» የተባለ ሣጥን፣ በቀኝ በኩል «ተቀባይ» የተባለ ሣጥን፣ በመካከላቸው አንድ ቀስት። ከቀስቱ በላይ «መልእክት»፣ ከቀስቱ በታች «መሰናክል» ተብሎ ይጻፋል። ከተቀባዩ ወደ ላኪው የሚመለስ ሌላ ቀስት ሲጨመርበት ደግሞ እሱ «ግብረ መልስ» ይባላል። ሥዕሉ ለመያዝ ቀላል ነው፤ ፈተና ላይ ሲመጣም ማንም አይስተውም።

የሥዕሉ ምንጭ ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብና የምሕንድስና ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት የመረመረው በስልክና በቴሌግራፍ መስመር የሚያልፍ ምልክት ሳይበላሽ ከወዲያኛው ጫፍ እንዲደርስ ምን እንደሚያስፈልግ ነበር። መልእክቱ ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሱ ጉዳይ አለመሆኑንም እዚያው መግቢያው ላይ በግልጽ ጽፎታል። እንግዲህ በሻነን ላይ ክስ የለንም። ሥዕሉን ከሽቦው አውጥተው ለሰውና ለሰው፣ ለመምህርና ለተማሪ ያደረጉት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንፈልገው ይህን ሥዕል ከሥሩ የሚጠይቅ አስተሳሰብ መኖሩን ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን ያስተማረው ብራያንክል ቻንግ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መጽሐፍ የፈላስፋውን የዣክ ደሪዳን ሐሳብ ይዞ የመግባባት ጥናት የቆመበትን መሠረት ፈትሿል። ነገሩ የሩቅ አገር ፍልስፍና ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ የዚህን ግድግዳ ቦታ ባልያዝንበት ነበር። ዳሩ ግን በአገራችን ታሪክ እጅግ የታወቀው አለመግባባት የተፈረመው እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅን አልፎ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ በውጫሌ ነው። ፍልስፍናውንና ውሉን ጎን ለጎን ብናነባቸው አንዱ ሌላውን ያብራራዋል ብለን አምነናል።

ደሪዳ ምን አለ?

ዣክ ደሪዳ እ.ኤ.አ. በ1930 በአልጄሪያ፣ በአልጀርስ አጠገብ ተወልዶ በ2004 በፓሪስ ያረፈ ፈላስፋ ነው። ስሙ የሚነሣው «ዲኮንስትራክሽን» በተባለው የአነባበብ መንገድ ነው። ቃሉን «ማፍረስ» እያሉ የሚተረጉሙት አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። አማርኛ የተሻለ ቃል አለው፤ ይኸውም «መፍታት» ነው። ቅኔ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ቋጠሮ ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል። የቃል ትርጉም «ፍቺ» ይባላል፤ ባልና ሚስት ሲለያዩም ያው «ፍቺ» ነው። ደሪዳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ጽሑፍ በምን በምን ቋጠሮ እንደታሠረ ክሩን ተከትሎ ያያል፤ ክሩ ሲሳብ የሚላቀቀውንም ያሳያል። ቤት አያፈርስም።

እ.ኤ.አ. በ1971 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የፍልስፍና ማኅበራት ጉባኤ አድርገው ነበር። የጉባኤው ርእስ «ኮሙኒኬሽን» ነበር። ደሪዳ «ፊርማ፣ ክስተት፣ ዐውድ» የተባለውን ንግግሩን የጀመረው በርእሱ በራሱ ላይ ጥያቄ በማንሣት ነው፤ ለመሆኑ ይህ ቃል አንድ የተወሰነ ትርጉም አለውን? በፈረንሳይኛ ሁለት ክፍሎች በበር ሲገናኙም፣ እንቅስቃሴ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲተላለፍም፣ ሰው ሐሳቡን ለሰው ሲነግርም ቃሉ አንድ ነው።

ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «መገናኛ» ስንል መንገዱንም፣ ስልኩንም፣ ሰዎች የሚገናኙበትንም ቦታ ማለታችን ነው። ከደሴ እየተጠማዘዘ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ መገናኛ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚደወለው ስልክም መገናኛ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ነገር ስንረዳ «ገባኝ» እንላለን። የገባው ማነው? ነገሩ። የት ገባ? እኔ ውስጥ። «ተግባባን» ስንል ደግሞ አንዱ በሌላው ገባ ማለታችን ነው። ማለትም ያ የሣጥንና የቀስት ሥዕል በሰሌዳው ላይ ከመሳሉ በፊት በቋንቋችን ውስጥ ተስሎ ኖሯል። ትርጉም እንደ ጤፍ በስልቻ ተጭኖ ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው የሚገለበጥ ነገር አድርገን እንድናስበው ግሱ ራሱ ይገፋፋናል።

የደሪዳ ዋና ሐሳብ ግን ስለ ጽሕፈት ነው። ደብዳቤ የምንጽፈው ሰውየው አጠገባችን ስለሌለ ነው። ስለሆነም ጽሑፍ ጽሑፍ ለመባል ጸሐፊው በሌለበት፣ አልፎ ተርፎም ከሞተ በኋላ፣ መነበብ መቻል አለበት። ይህ ኃይሉ ነው። ነገር ግን በዚያው ልክ ጸሐፊው አብሮት ሄዶ «ኧረ እንዲህ ማለቴ አይደለም» ሊል አይችልም። መራቅ መቻሉና መሳት መቻሉ አንድ ነገር ናቸው፤ አንዱን ወስደን ሌላውን መተው አንችልም። የጥንቱ ግሪካዊ ፕላቶ ጽሕፈትን አባቱ በሌለበት እንደሚሰደብ ልጅ ቆጥሮ ይጠራጠረው ነበር። ጽሕፈትን «ፋርማኮን» ይለዋል፤ ቃሉ በግሪክኛ ፈውስም መርዝም ነው። (በእኛም ቋንቋ የራስ ምታት መድኃኒት አለ፣ የአይጥ መድኃኒትም አለ።) ደሪዳ ከፕላቶ የሚለየው ይህን ጠባይ የጽሕፈት ብቻ ባለማድረጉ ነው። የቃል ንግግርም ቢሆን ከተናጋሪው ተነጥሎ በሌላ አፍ፣ በሌላ ቦታ ሊደገም ካልቻለ ቋንቋ አይሆንም።

ከፊደላችን አንድ ምሳሌ እናምጣ። በሰሌዳ ላይ «መምህሩ ይሰማል» ብለን እንጻፍ። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። ላልቶ ቢነበብ መምህሩ ሌላውን ያዳምጣል፤ ጠብቆ ቢነበብ የመምህሩ ድምፅ ለሌላው ይደርሳል። ያዳምጣል ወይስ ይደመጣል? ጸሐፊው አጠገባችን ቢኖር በአፉ ይነግረን ነበር። የለም። ከፊትና ከኋላ ያለውን ዐረፍተ ነገር አይተን እንወስናለን፤ ይኸውም «ዐውድ» የሚባለው ነው። ደሪዳ የሚጨምረው ዐውድ ተሟልቶ አያልቅም የሚለውን ነው። ጽሑፉ ነገ ከሌላ ገጽ ላይ፣ ከሌላ ዐረፍተ ነገር አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። የወሎው የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥሞች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በቃል ሲተላለፉ ኖረው በኋላም በመጽሐፍ ታትመዋል፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሰው ለራሱ ዘመን እየፈታቸው «ይሄ እኮ ስለ እነ እገሌ ነው» ይላል። ግጥሙ ተናጋሪውንና ዘመኑን ተሻግሮ ሊደገም ባይችል ኖሮ ለማንም አይደርስም ነበር።

ከዚህ ላይ «ታዲያ ይሄ ሰምና ወርቅ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይመሳሰላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። በሰምና ወርቅ ባለቅኔው ወርቁን ያውቀዋል፤ ኅብረ ቃሉን ሆን ብሎ ቀብሮታል፤ ጎበዝ ደቀ መዝሙር ቆፍሮ ያገኘዋል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ይህ ልማድ ለዘመናዊ ሥራ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ጽፎ ነበር፤ በ1985 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ የዘመናዊው የኅብረተሰብ ሳይንስ ከአሻሚነት መሸሹን ነቅፏል። (ሰው በ20 ዓመት ውስጥ ብዙ ያስባል።) ደሪዳ ግን ማንም ሆን ብሎ ያልቀበረው፣ ጸሐፊው እንኳ የማያውቀው ሁለተኛ ፍቺ ምንጊዜም ሊወጣ ይችላል ይላል። ከታች የሚጠብቀን የመጨረሻ ወርቅ ስለመኖሩ ዋስትና የለም።

ብራያንክል ቻንግ ይህን ወስዶ ወደ መግባባት ጥናት አዞረው። የመግባባት ንድፈ ሐሳቦች በአብዛኛው የሚነሡት ተለያይተው ከቆሙ ሁለት ሰዎች ነው፤ የሚጨርሱትም ሁለቱ አንድ ሐሳብ ሲኖራቸው ነው። በመካከል ያለው ልዩነት መወገድ ያለበት ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል። ቻንግ ይህን አነሣስ ይጠይቃል። ልዩነት ባይኖር መላላክ ለምን አስፈለገ? መልእክት ላይደርስ መቻሉ ከውጭ የሚመጣ «መሰናክል» ሳይሆን መልእክት የመሆኑ ጠባይ ከሆነ፣ በሥዕሉ ላይ ከቀስቱ በታች የጻፍነውን ቃል የምናስቀምጥበት ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው።

ውጫሌ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ወደ ወሎ መጥተው ሰፍረው ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢጣሊያ በኩል ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ፣ በእኛ በኩል ምኒልክ ራሳቸው፣ 20 አንቀጽ ያለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ቦታው በአምባሰል ይስማ ንጉሥ ይባላል። ስሙን ልብ በሉ።

ሁላችንም እንደተማርነው ጠቡ ያለው በ17ኛው አንቀጽ ላይ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ግስ «ኮንሴንቴ» ነው። ኢጣሊያ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ ከኢጣሊያ በቀር በሌላ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መላላክ እንደማትችል አድርጋ ተረጎመችው።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ በኮምቦልቻ ከተማ ይህን ታሪክ ሲያስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ሁለቱንም ያነበበ ሰው አልነበረም ወይ?» ብላ ጠየቀች። በመኝታ ክፍላችን ይህን ጥያቄ ለብዙ ማታ ተከራክረንበታል። እኛ ከምናውቃቸው የመጽሐፍ መጨረሻ ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለ ነው።

ምክንያቱም ውሉ ራሱ «አንብበናል» ይላል። 19ኛው አንቀጽ ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ መጻፉን፣ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም መስማማታቸውን፣ ሁለቱም እኩል የታመኑ መሆናቸውን ይመሰክራል። ሁለት አንቀጽ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሁለቱ ጽሑፎች አይስማሙም። በአስተርጓሚነት ስማቸው የሚነሣው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ናቸው፤ አንቶኔሊም በሸዋ ለዓመታት የኖረ ሰው ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ቋንቋ የተመላለሰ ሰው አልጠፋም። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት አንቶኔሊ ልዩነቱን ያውቅ ነበር ብሎ ይከራከራል። ኢጣሊያዊው ካርሎ ጂሊዮ በበኩሉ በ1965 ለሩበንሰን የተቃውሞ መልስ ጽፏል። የታሪክ ምሁራን ክርክር እንዳለ ሆኖ እኛ ግን ወደ ጽሑፉ እንጠጋ።

በመጀመሪያ የኢጣሊያንኛው ቃል። ብዙ ጊዜ በክፍል ውስጥ «በኢጣሊያንኛው ይገደዳል ይላል» ተብሎ ሲነገር ሰምተናል። «ኮንሴንቴ» በቀጥታ ሲተረጎም «ይስማማሉ፣ ፈቃዳቸው ነው» ማለት ነው። «ይገደዳሉ» የሚል ግስ እዚያ ላይ የለም። አንድ ጊዜ የተስማማ ሰው ከዚያ በኋላ ግዴታ አለበት ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ እንዲህም ተነበበ። ግን ይህ ንባብ ነው፤ ቃሉ ብቻውን አላደረገውም።

ታዲያ ማን አደረገው? እ.ኤ.አ. በ1885 በበርሊን የአውሮፓ መንግሥታት የተፈራረሙት ሰነድ 34ኛ አንቀጽ አለው፤ በአፍሪካ ጠረፍ ላይ አዲስ ቦታ የያዘ ወይም ጥበቃ ያቋቋመ መንግሥት ለሌሎቹ ያስታውቅ ይላል። ኢጣሊያ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1889) የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ ወስዳ በዚህ የበርሊን አንቀጽ መሠረት ለመንግሥታቱ አስታወቀች። ያን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ከአምባሰል ተነሥቶ በርሊን ገባ። ከወዳጅነት ውል ጎን ተነሥቶ ከቅኝ ግዛት ደንብ ጎን ተቀመጠ። አንድም ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ደሪዳ ጽሑፍ ሁሉ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ሊዳቀል ይችላል የሚለው ይህን የመሰለውን ነው። ኢትዮጵያ በበርሊኑ ስብሰባ አልነበረችም።

አሁን ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት ነገር አለ። 17ኛው አንቀጽ ስለ ምንድን ነው? ስለ መሬት አይደለም፣ ስለ ቀረጥም አይደለም። ስለ መላላክ ነው! ንጉሡ ቃላቸውን በማን በኩል ይልካሉ የሚል አንቀጽ ነው። በሰሌዳችን ሥዕል ላይ ላኪና ተቀባይ ትልልቅ ሣጥን ተሰጥቷቸው ሳለ መተላለፊያው ግን አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ነጻነታችን የተንጠለጠለው በዚያች ቀጭን መስመር ላይ ነበር። አንድ መንግሥት በሌላው አፍ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ሠራዊት ሳይገባበትም፣ ሌላው ጌታው ሆኗል። በአማርኛው ኢጣሊያ ፖስተኛ ናት፤ ሲፈለግ ትጠራለች። በኢጣሊያ ንባብ ፖስተኛው የደብዳቤው ባለቤት ሆነ።

የሚገርመው ደግሞ ስሕተቱ የተገለጸው በመላላክ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ከነገሡ በኋላ ለአውሮፓ ነገሥታት ንግሣቸውን በደብዳቤ አስታወቁ። ከእንግሊዝ የመጣው መልስ ጉዳዩ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል እንደሚሄድ የሚያመለክት ነበር። በሰሌዳችን «ግብረ መልስ» የተባለችው ቀስት ሥራዋን ሠራች ማለት ነው፤ ከወራት በኋላ፣ ባሕር ተሻግራ። ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ሁለቱ ጽሑፎች እንደማይስማሙ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዚያው በ1883 ዓ.ም. አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል አዲስ አበባ ተመልሶ ሲደራደር፣ እቴጌ ጣይቱም በብርቱ በተቃወሙበት በዚያ ድርድር፣ 17ኛው አንቀጽ የተሰረዘ መሆኑን በሚናገር የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ትርጉሙን ሳያጣራ ፈረመ። ቆይቶ ሲረዳው ተቆጥቶ ድርድሩን ጥሎ ሄደ። የውጫሌው ነገር ተገልብጦ ደረሰበት። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ መቼም አለመሳቅ አይቻልም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ የሆነ ነገር አጋጣሚ ብቻ አይባልም። ፊርማ የሚሠራው ፈራሚው በሌለበት ስለሚቆም ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኦስቲን ከንግግሮች መካከል የሚገልጹ ብቻ ሳይሆኑ የሚያደርጉም እንዳሉ አስተምሯል፤ «እምላለሁ»፣ «ተዋውያለሁ» ስንል ነገሩን እያወራን ሳይሆን እያደረግን ነው። ቀልድን፣ ቲያትርንና የመሳሰሉትን ግን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርጋቸው አለ። ደሪዳ በሞንትሪያል የመለሰለት ወደ ጎን ያደረግኸው ነገር ከመሐሉ ነው በማለት ነበር። ማንም ያልፈረመውን የማይመስል ፊርማ፣ ሊደገም የማይችል ፊርማ፣ ፊርማ አይባልም። የራሱን ንግግር ሲያሳትም በመጨረሻው ላይ የእጅ ፊርማውን አኖረበት፤ ፊርማው ዛሬ በየቅጂው አለ፣ እሱ ግን የለም።

በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን እንደማይቀበሉ ለመንግሥታት አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን መድገም አያስፈልገንም። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሰርዞ የኢትዮጵያን ነጻነት አረጋገጠ።

ሁሉም ፍቺ እኩል ነውን?

በደሪዳ ላይ የሚቀርበው ዋናው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ትርጉም የማያርፍ ከሆነ ኢጣሊያም እንደ ምኒልክ ትክክል ነበረች ማለት ነው? ከመምህሮቻችን አንዳንዶቹ ይህን ጥያቄ እንደሚያነሡብን ስለምናውቅ አስቀድመን እንመልሳለን። አይደለም። አንድ ጽሑፍ በብዙ መንገድ ሊነበብ መቻሉ ሁሉም ንባብ እኩል ማስረጃ አለው ማለት አይደለም። «ይቻላቸዋል» በአማርኛ ግዴታ ሆኖ ሊነበብ አይችልም። 19ኛው አንቀጽ አማርኛውን ከኢጣሊያንኛው እኩል አድርጎታል፤ ስለዚህ ኢጣሊያ አማርኛውን አልፋ መሄዷ በራሱ በውሉ የተወገዘ ነው። ይህን ማየት የተቻለው ውሉን ክር በክር ስለፈታን እንጂ «ኢጣሊያኖች አንድ ቃል አጭበረበሩ» ብለን ስላለፍን አይደለም። በእኛ አስተያየት «የአንድ ቃል ስሕተት» የሚለው አነጋገር ነገሩን ያሳንሰዋል። አስተርጓሚው ቢጠነቀቅ ኖሮ ጦርነት አይኖርም ነበር ያሰኛል። የበርሊኑን ሰነድ የጻፈው ግን አስተርጓሚው አይደለም።

እኛና ክፍላችን

ትምህርት ጨርሰን «ገባችሁ?» እንላለን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ይህ «አዎ» የእኛ 19ኛ አንቀጽ ነው። በመምህሩ ራስ ያለው ጽሑፍና በተማሪው ራስ ያለው ጽሑፍ ፍጹም ተስማምተዋል ብሎ ይፈርማል፤ ሁለቱንም ያነበበ ሰው ግን የለም። መምህሩ የራሱን ብቻ አንብቧል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ፈተና ሲታረም ነው፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ የተማሪው ይሆናል፣ «ሰነፍ» ይባላል። በሥዕሉ ቋንቋ ልጁ ራሱ መሰናክል ሆኖ ተመዘገበ።

አንድ የታወቀ ነገር እንውሰድ። «መቶ አምስት» ጻፍ ሲባል ልጅ 1005 ብሎ ይጽፋል። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ማድረግ ቀላል ነው። ነገር ግን ቀርበን ብናነበው ልጁ የሰማውን በትክክል ጽፏል፤ መቶ 100 ነው፣ አምስት 5 ነው፣ አጠገብ ለአጠገብ አደረጋቸው። የቦታ ዋጋ የሚለው ዐውድ ገና አልደረሰውም። ይህ ንባብ ነው፤ ባዶ ጫጫታ አይደለም። ይህን ያነበበ መምህር የሚቀጥለውን ትምህርት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ኤክስ ብቻ ያደረገው አያውቅም።

ከተመረቅን በኋላ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ አቅጣጫ የምንመደብ እንኖራለን፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ የሆነ ልጅ ያጋጥመናል። (አፍ መፍቻ ቋንቋ ማለታችንን ልብ ይሏል፤ አፍም ይፈታል።) ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይማራሉ። በክፍል ውስጥ መተላለፊያው በማን እጅ ነው? ጠመኔውን የያዘው፣ ቋንቋውን የመረጠው፣ ጥያቄ የሚጠይቀው አንድ ሰው ነው። ልጅ ሐሳቡን ሁሉ በእኛ ቃል ብቻ እንዲልክ ስናስገድደው «ይቻላቸዋል» የነበረውን «ግዴታ ነው» እያደረግንበት እንደሆነ እንወቅ። ይህ ከባድ አነጋገር ነው የሚለን ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን አልከበደንም።

ለልምምድ የሚጠቅም አንድ ሐሳብ አለን። ከ«ገባችሁ?» ይልቅ ሦስት ተማሪዎች የተማሩትን በየራሳቸው ቃል ጎን ለጎን በሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ክፍሉ ሦስቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ይፈልግ። ጊዜ ይወስዳል። 40 ደቂቃ አይበቃም የሚሉት እውነት አላቸው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃል እንላለን።

ለውይይት ቡድኖች ደግሞ ይህን እንተው። «መምህሩ ይሰማል»፣ «ልጁ ይመታል»፣ «ገና ነው» የሚሉትን ሦስቱን በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የተረዳውን በሥዕል እንዲያሳይ አድርጉ። ሥዕሎቹን ሰብስባችሁ አምጡልን፤ በዚሁ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን እንለጥፋቸዋለን። አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. የፈረመበት የአማርኛ ጽሑፍ ኢጣሊያን ያስገድዳታል ወይስ አያስገድዳትም የሚለውንም ተከራከሩበት፤ በእኛ መኝታ ክፍል ድምፅ ሲሰጥ አምስት ለአምስት ወጥቷል።